የሀዋሳ ሐይቅ ጀልባዎች ሬዲዮ ያስፈልጋቸዋል

የሀዋሳን ሐይቅ ጠዋት ብቻ ያየ ሰው ስለ ማዕበል ሲወራ ቢገርመው አይፈረድበትም። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር የታሰሩት ጀልባዎች እንኳ አይነቃነቁም። ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት አካባቢ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ጠዋት እየተጫወቱ ያቋረጡትን መንገድ መመለስ ትግል ይሆናል። ሐይቁ ላይ ያደገ ባለጀልባ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ግን ከየት ይወቅ?

ስለ ጀልባ ደህንነት ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ላይፍ ጃኬት ላይ ይቆማል። ላይፍ ጃኬት ግዴታ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ጃኬቱ ሥራ የሚጀምረው ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ነው። ከመውደቁ በፊት "ዛሬ ከሰዓት አትውጡ" የሚል ድምፅ ያስፈልጋል። ከወደቀም በኋላ "እዚህ ነን፣ ድረሱልን" ሲል የሚሰማው ጆሮ ያስፈልጋል። ባሕር ላይ ሁለቱንም ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረው ሬዲዮ ነው። ሐይቃችን ትንሽ ስለሆነ ይህ ሁሉ ይበዛበታል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ትንሽነቱ ሥራውን ያቀለዋል፣ ወጪውንም ይቀንሰዋል።

ባሕሩ በሰው ሕይወት የተማረው

ታይታኒክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ስትጋጭ ካሊፎርኒያን የምትባል መርከብ በአቅራቢያዋ ቆማ ነበር። ካሊፎርኒያን ሬዲዮ ነበራት። የሬዲዮ ባለሙያም ነበራት፤ አንድ ብቻ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ግጭቱ ከመድረሱ አሥር ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። ታይታኒክ ድረሱልኝ ስትል እዚያ የሚሰማት አልነበረም። የሰማችው ካርፓትያ ነበረች፤ እሷ ደግሞ በጊዜው ስሌት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር። ስትደርስ ሊነጋጋ ነው። ከ700 በላይ ሰው ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ላይ አነሳች። 1,500 ያህሉ ግን አልቀው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ነገር አለ። ታይታኒክ በዚያው ቀን ስለ በረዶው ከሌሎች መርከቦች በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። መጨረሻ ላይ ከደረሱት አንዱ ሜሳባ ከምትባል መርከብ የተላከ ነበር። እሱ መልእክት መርከቧን ለሚመሩት መኮንኖች አልደረሰም። የሬዲዮ ክፍሉ በተሳፋሪዎች የግል ቴሌግራም ተጠምዶ ነበር። ማስጠንቀቂያው መርከቧ ውስጥ ገብቷል፤ መሪውን የያዘው ሰው ጋ ግን አልደረሰም።

መርከቦች ሌት ተቀን ሬዲዮ የሚያዳምጥ ይኑራቸው የሚለው ግዴታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1914 ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተለውጧል። በነጥብና በሰረዝ ይላክ የነበረው ሞርስ ቀርቶ ድምፅ፣ ከድምፅ አልፎ ዲጂታል ምልክትና ሳተላይት መጥቷል። ከየካቲት 1 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 300 ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ የጭነት መርከቦች እና ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ የመንገደኛ መርከቦች በሙሉ አንድ ዓይነት የአደጋ ጥሪ ሥርዓት እንዲይዙ ተገድደዋል። መሠረቱ ግን ያው የ1912ቱ ትምህርት ነው። አንዱ ሲጠራ ሌላው ነቅቶ መስማት አለበት።

አንድ ቻናል፣ ብዙ ጆሮ

በትንሽ ጀልባ ላይ የሚያዘው የባሕር ሬዲዮ ቪኤችኤፍ በሚባለው፣ ለቅርብ ርቀት በሚያገለግለው ሞገድ የሚሠራ ነው። በእጅ የሚያዘው ዓይነት ሲያዩት የጥበቃ ሠራተኞች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ዎኪ ቶኪ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ልዩነቱ ይገባዎታል። ዙሪያውን ጎማ ለብሷል፤ እርጥብ እጅ እንዳያመልጠው። የቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ በክዳን ታሽጓል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ውሃ ውስጥ ቢወድቁ አይሰምጡም፣ ይንሳፈፋሉ። አንዳንዶቹ ውሃ ሲነካቸው መብራት ያበራሉ፤ ሌሊት ለመፈለግ እንዲመች። ከቁልፎቹ አንዱ ላይ 16 የሚል ቁጥር ተጽፏል። የትኛውም ቻናል ላይ ሆነው ያንን ቁልፍ አንዴ ከተጫኑ ሬዲዮው በቀጥታ ወደ ቻናል 16 ይሄዳል።

ቻናል 16 ማለት 156.8 ሜጋኸርዝ ነው። በዓለም ዙሪያ የአደጋና የመጀመሪያ ጥሪ ቻናል እሱ ነው። መርከቦችም የጠረፍ ጣቢያዎችም ክፍት አድርገው ያዳምጡታል። ሰው መጥራት የፈለገ እዚያ ይጠራል፤ ካገኘው በኋላ ወሬውን ወደ ሌላ ቻናል ይወስዳል። ቻናል 16 ላይ መጫወት ነውር ነው፤ በብዙ አገር ያስቀጣልም። ቻናሉ ባዶ የሚሆነው የሚጮህ ሰው ቦታ እንዲያገኝ ነው።

ጥሪው ሥርዓት አለው። ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ "ሜይዴይ" ሦስት ጊዜ ይባላል። ከዚያ የጀልባዋ ስም፣ ያለችበት ቦታ፣ ምን እንደደረሰባት፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደምትፈልግ እና ስንት ሰው እንደተሳፈረ ይነገራል። ሞተር ቆሞብኛል፣ ለጊዜው ግን የሚሰምጥ ነገር የለም የሚል "ፓን ፓን" ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው "ሴኩሪቴ" ነው። የጠረፍ ጣቢያ ማዕበል ሲመጣ ወይም ውሃው ላይ አደገኛ ነገር ሲንሳፈፍ በዚህ ቃል ጆሮ ያስይዛል። ሦስቱን የለየ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ያውቃል።

ጀልባ ላይ የሚገጠሙት አዳዲስ ሬዲዮዎች ደግሞ ቀይ ቁልፍ አላቸው። በስህተት እንዳይነካ ክዳን ተደርጎበታል። ክዳኑን ገልጦ ለጥቂት ሰከንድ መጫን ነው። ሬዲዮው ራሱ በቻናል 70 የጀልባዋን መለያ ቁጥርና ከጂፒኤስ ያገኘውን ቦታ ይልካል። በድንጋጤ አፉ የተያዘ ሰው ምንም ሳይናገር ጥሪው ይደርሳል ማለት ነው። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አሃዞች አገርን ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ 624 ነው። የባሕር በር የሌላት አገራችን በዚህ የባሕር መዝገብ ውስጥ የራሷ ቁጥር አላት፤ በስሟ የተመዘገቡ መርከቦችም ይዘውት ይሄዳሉ።

የአየር ሁኔታው መልእክትም የራሱ መንገድ አለው። ናቭቴክስ ይባላል። በ518 ኪሎኸርዝ ላይ በጽሑፍ የሚላክ ሲሆን ከጠረፍ ጣቢያው እስከ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። መርከቧ ላይ ያለው ትንሽ ሳጥን ራሱ ተቀብሎ ያትማል ወይም ስክሪን ላይ ያስቀምጣል። ካፒቴኑ የማይፈልጋቸውን የመልእክት ዓይነቶች መዝጋት ይችላል። የማዕበል ማስጠንቀቂያን ግን መዝጋት አይችልም፤ የሰው ፍለጋ ጥሪንም እንዲሁ። መሣሪያው አይፈቅድለትም። የሜሳባ መልእክት ዓይነት ነገር እንዳይደገም በማሽኑ ውስጥ የተሠራ አጥር ነው። ደግሞ ሌላ ልብ የሚባል ነገር አለ። 518 እንግሊዝኛ ነው። ከጎኑ 490 ኪሎኸርዝ ለየአገሩ ቋንቋ ተለይቶ ተሰጥቷል። ዓሣ አስጋሪው በገዛ ቋንቋው ይስማ ተብሎ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የዓለም ባሕር በ21 ቀጠና ተከፍሏል። ቀይ ባሕርና የዓረብ ባሕር የሚገኙበት ቀጠና 9ኛው ሲሆን አስተባባሪዋ ፓኪስታን ናት። ወደ ጅቡቲ የእኛን ስንዴና ማዳበሪያ ይዞ የሚመጣ መርከብ የሚያዳምጠው ይህን ነው።

እዚያው ውሃ ላይ ግን ይህን ሁሉ የማይሰሙ የእኛው ሰዎች አሉ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በመጥፎ አየር የመን አብያን ጠረፍ አጠገብ ተገልብጣ በደርዘን የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አልቀዋል። የደላላ ጀልባ ሬዲዮ ከፍቶ "ሜይዴይ" አይልም፤ መታየት አይፈልግምና። ከመነሳቱ በፊት የአየር ትንበያ የሚጠይቅለትም የለም። ባሕር ሩቅ ነው፣ አይመለከተንም ለማለት እኛ ኢትዮጵያውያን የመጨረሻዎቹ መሆን አለብን።

ነፋሱ ከየት ይመጣል

ወደ ሐይቃችን እንመለስ። የሀዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረጅሙ በኩል 16 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ይህ ጥልቀት ብዙ ሰው ያታልላል። ጥልቅ ያልሆነ ውሃ ላይ የሚነሳ ማዕበል ከፍታው ትንሽ ቢሆንም አጭርና ተደጋጋሚ ነው። አንዱ አልፎ ጀልባዋ ሳትስተካከል ሌላው ይመጣል። ለመርከብ ምንም ያልሆነው ለቀዘፋ ጀልባ ይበቃል።

ጠዋትና ከሰዓት ለምን እንዲህ ይለያያሉ? ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ይልቅ ቶሎ ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ሊተካው ይነፍሳል። ይህ የየቀኑ ነፋስ ነው፤ ባለጀልባው ይጠብቀዋል። የሚያስፈራው ሌላኛው ነው። በዝናብ ወራት ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉት ከፍታዎች ላይ ከሰዓት በኋላ ደመና ይቆለላል። ደመናው ዝናቡን ሲለቅ አብሮ ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ያወርዳል። ያ አየር መሬት ሲደርስ በየአቅጣጫው ይሮጣል። ብዙ ጊዜ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል። ሐይቁ ላይ ያለው ሰው ገና ጠብታ ሳይነካው ነፋሱ ይመታዋል። ለመመለስ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

ነፋስ በውሃ ላይ ረጅም ርቀት በሄደ ቁጥር ማዕበሉን ያሳድገዋል። ስለዚህ ነፋሱ ከሚነሳበት ዳር የቆመ ሰው ውሃውን ጸጥ ያለ ሆኖ ያየዋል፤ ማዶ ያለው ግን ይናወጣል። "ኧረ ምንም የለም፣ እንሂድ" የሚባለው እንዲህ ባለ ቦታ ቆሞ ነው። ማዶ ያለው ሰው ያየውን ወዲህ ላለው የሚነግርበት መንገድ ቢኖር ኖሮ የብዙ ጀልባ ሐሳብ ይለወጥ ነበር።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል። ለገበሬው የወቅቱን፣ ለሁላችንም የነገውን። ዓሣ አስጋሪው የሚፈልገው ግን ከዚህ የጠበበ ነው፤ ለዚህ ሐይቅ ብቻ፣ ለሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተሠርቷል። እዚያ በየዓመቱ የሚሰምጠው ሰው በሺዎች እንደሚገመት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሩዋንዳ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ሃይዌይ የሚባል ፕሮጀክት አካሄደ። ሐይቁ በቀጠና ተከፋፈለ። ለየቀጠናው ነፋሱ፣ የማዕበሉ ከፍታና ዝናቡ በቀላል ቋንቋ መነገር ጀመረ። በአካባቢ ሬዲዮ፣ በዋትስአፕ፣ በዓሣ አስጋሪ ማኅበራት በኩል ይደርሳል። ከፕሮጀክቱ ውስጥ እኔን የሳበኝ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። ትንበያ መሥራት ግማሽ መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ መሪውን የያዘው እጅ ጋ ማድረስ ነው።

ሁሉም ስልክ አለው አይደል?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ ከከተማ ጋር የተጣበቀ ነው፤ መሃሉ ላይም ሆኖ ስልክ ይሠራል። ብዙ ባለጀልባ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ኪስ ውስጥ ይይዛል። በቂ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ስልክ የሚያገናኘው ሁለት ሰው ነው። ጀልባዬ ውሃ እየገባባት ነው ብዬ ወንድሜ ጋ ብደውል፣ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ መረቡን የሚጎትተው ሰው አይሰማኝም። ሊያድነኝ የሚችለው ግን እሱ ነው፤ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ሬዲዮ ላይ ብናገር ቻናሉን የከፈተ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ቁጥር ማወቅ አያስፈልግም፤ ካርድ ማለቅም የለም። አንዱ ሲመልስልኝ ሌላው ያንን ሰምቶ "እኔ እቀርባለሁ" ማለት ይችላል።

ለመሆኑ ወዴት ነው የሚደወለው? 991 የፖሊስ ነው፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ሁለቱም በመኪና የሚደርሱ ናቸው። ውሃ ላይ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚደርስለት ሌላ ጀልባ ነው። ለማስጠንቀቂያውም ያው ነው። ማዕበል ሊመጣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ለሰባና ሰማንያ ጀልባ ተራ በተራ የሚደውል ማን ነው? አንዱ ጋ ሳይደርስ ነፋሱ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥሪ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስልክ ይጣል እያልኩ አይደለም። ስልክ ላይ ተማምኖ ሌላውን መተው ነው ስህተቱ። ስክሪኑ እርጥብ ጣት አይቀበልም፣ ባትሪው በሚያስፈልግበት ሰዓት ያልቃል፣ አንዴ ውሃ ውስጥ ከወደቀ አበቃ።

ለሀዋሳ ምን ይበቃል?

እዚህ ላይ ሒሳብ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ሒሳቡ ደስ የሚል ስለሆነ። የቪኤችኤፍ ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ ከአድማስ ብዙ አያልፍም። አንቴናው ከፍ ባለ ቁጥር ሩቅ ያያል። በግምት የአንቴናው ከፍታ በሜትር፣ ስኩዌር ሩቱ በ4.12 ሲባዛ የሚደርስበትን ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የሁለቱም ወገን ይደመራል። ጀልባ ላይ ተቀምጦ ከውሃው አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ሬዲዮ የያዘ ሰው 4 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ዳር ላይ 20 ሜትር ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንቴና 18 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ድምሩ 22 ይሆናል። ሐይቁ በረጅሙ 16 ነው። በአንድ ምሰሶ ሐይቁ በሙሉ ይሸፈናል ማለት ነው። ለዚህ 5 ዋት የሚሰጥ የእጅ ሬዲዮ ይበቃል። ጀልባ ለጀልባ ግን 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዳር ላይ የሚያቀባብል ጣቢያ መኖሩ ግድ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ፈቃድ አለ። አገራችን ውስጥ ዎኪ ቶኪ ዝም ብሎ ገዝቶ መጠቀም አይቻልም። ፍሪኩዌንሲ የሚመድበው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እያንዳንዱ ባለጀልባ ለየብቻው ፈቃድ ፍለጋ አዲስ አበባ ይመላለስ ቢባል ነገሩ እዚያው ይሞታል። አንድ ማኅበር ወይም የከተማው አስተዳደር ለሐይቁ በሙሉ አንድ ፈቃድ ቢያወጣ ግን ያልቃል። የወንዝና የሐይቅ ጀልባዎች የባሕሩን ዓይነት ሬዲዮ መጠቀማቸው አዲስ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ወንዞች ላይ የሚመላለሱት የጭነት ጀልባዎች የሚነጋገሩት በዚሁ ነው።

ከፈቃዱ የሚከብደው ሰሚው ነው። ካሊፎርኒያን ሬዲዮ አጥታ አልነበረም፤ የነቃ ሰው ነው ያጣችው። የሀዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች አብዛኞቹ መረባቸውን ወደ ማታ ጥለው ማለዳ ያወጣሉ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በጠዋት የሄደ ሰው ውጤቱን ያያል፤ ጀልባው ሲጠጋ ቆሮሶው ከመረቡ እየተፈታ ይወርዳል፣ አምባዛው ለብቻ ይጣላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግር ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፣ ልጆቹ በቢላ እየከፈቱ ያጥባሉ። ያ ሁሉ ዓሣ የወጣው ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ብቻ የሚሠራ የሬዲዮ ጣቢያ ለእነሱ የለም ማለት ነው። ጣቢያው ሁለት ሰዓት ላይ ተከፍቶ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋ ከሆነ ገንዘቡ ባይወጣ ይሻላል። በፈረቃ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከእሱ ጋር ነዳጅ የሞላች አንዲት ሞተር ጀልባ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሬዲዮው ጌጥ ነው።

ቋንቋም ይታሰብበት። የሐይቁ ዳር በከፊል ሲዳማ ነው፣ በከፊል ኦሮሚያ። ከሐይቁ የሚበሉት ሰዎች ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ። ማስጠንቀቂያው በሦስቱም ይነገር። አጭር ስለሚሆን ሁሉም ተደምሮ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለቱ ክልሎች ደግሞ አንድ ጣቢያ ላይ ይስማሙ፤ ነፋሱ የክልል ወሰን አይጠይቅም።

የማይወራ ችግርም አለ። ባልተፈቀደ ጠባብ መረብ የሚያሰግሩ አሉ። ሬዲዮ ያዙ፣ ሲወጡና ሲመለሱ አሳውቁ ሲባሉ ቁጥጥር መጣብን ብለው ይሸሻሉ። ይህን ቀድሞ መፍታት ያስፈልጋል። የደህንነት ጣቢያውና የመረብ ቁጥጥሩ አንድ ቢሮ ውስጥ አይቀመጡ። በሬዲዮ እርዳታ የጠራ ሰው በዚያ ጥሪው ምክንያት እንደማይቀጣ በግልጽ ይነገረው። አለበለዚያ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው ሬዲዮውን የሚዘጋው።

ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከሬዲዮ በፊት የነበረ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮያል ቻርተር የምትባል መርከብ በዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ፊትዝሮይ የተባለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን በ1861 የማዕበል ማስጠንቀቂያ ጀመረ። ትንበያው በቴሌግራም ወደ ወደቦች ይላካል። ወደቡ ላይ ያለው ሰው ረጅም ምሰሶ ላይ ትልቅ ጥቁር ሾጣጣ ምልክት ይሰቅላል። ሌሊት በእሱ ፋንታ ፋኖስ ይሰቀላል። ማንበብ የማይችል ዓሣ አስጋሪ ቀና ብሎ አይቶ ይወስናል።

ይህ አሁኑኑ ሀዋሳ ላይ ሊሠራ ይችላል። አሞራ ገደል አንድ ምሰሶ፣ ፍቅር ሐይቅ አንድ፣ ማዶ አንድ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ጀልባ አይወጣም። ቅደም ተከተሉን እኔ እንዲህ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ባንዲራው፣ ከእሱ ጋር በአካባቢው ኤፍኤም ማለዳና ከሰዓት የሚነገር የሐይቅ ትንበያ። ቀጥሎ ሰው የሚያመላልሱት የሞተር ጀልባዎች ሬዲዮ ይያዙ፤ ከተሳፋሪ ገንዘብ ስለሚቀበሉ ግዴታው መጀመሪያ የእነሱ ነው። ከዚያ ቀዛፊዎቹ፤ አብረው ለሚወጡ አምስት ስድስት ጀልባዎች አንድ ሬዲዮ ቢደርስ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ ሰው በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ዕቅድ ይዟል። ኢትዮጵያ ቅድሚያ ከተሰጣቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ድርቅና ጎርፍ በዚህ ውስጥ መቅደማቸው ተገቢ ነው። ሐይቆቻችን ግን ከዝርዝሩ መውጣት የለባቸውም። ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ፣ ጫሞ፤ ሁሉም ላይ ሰው እየቀዘፈ ያድራል። ሀዋሳ ለሙከራ ትመቻለች። ሐይቁ ትንሽ ነው፣ ከተማው ጎኑ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለጨምበላላ በዓል ሐይቁ አጠገብ ወዳለው ጉዱማሌ የሚወርደው ሕዝብ ብዛትም ነገሩን አጣዳፊ ያደርገዋል።

እስከዚያው እናንተ ጀልባ ስትሳፈሩ ማድረግ የምትችሉት ነገር አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ሾፌሩን "ስንት ሰዓት እንመለሳለን?" በሉት፤ መልሱን ዳር ለሚቀር ሰው ንገሩ። ከሰዓት በኋላ ሩቅ አትሂዱ። ከተራራው በኩል ደመና ከጠቆረ ሾፌሩ እስኪናገር አትጠብቁ፣ እንመለስ በሉ። ችግር ገጥሟችሁ ወደ ዳር ከደወላችሁ ደግሞ የባሕሩን ቅደም ተከተል ተጠቀሙ፤ የት ናችሁ፣ ምን ሆናችሁ፣ ስንት ናችሁ። "ሐይቁ መሃል ነን" ማንንም አይመራም። ታቦር ተራራ በየትኛው ጎናችሁ እንደሆነ፣ ለአሞራ ገደል ትቀርቡ እንደሆነ ወይስ ለጥቁር ውኃ መግቢያ፣ ይህን ተናገሩ። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የጀልባዋን ቀለም ጨምሩበት፤ ሊፈልጋችሁ የሚወጣው ሰው ከሩቅ የሚለየው በእሱ ነው።